ከመሸኛ በፊት ርክክብ፦ አንድን ሰርቨር ከጋራ የመረጃ ማከማቻ ስለ ማስወጣት

በኅዳር ወር፣ የደብረ ብርሃን ሜዳ በየማለዳው አመዳይ ለብሶ በሚታይበት ሰሞን፣ በከተማዋ በሚገኝ አንድ ተቋም የኮምፒውተር ክፍል ደጃፍ ላይ አንድ የእጅ ጋሪ ቆመ። ጋሪውን ያስመጡት የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። የያዙት ደብዳቤ አጭር ነው። ከአራቱ ሰርቨሮች አንደኛው የአገልግሎት ዘመኑ አብቅቷል፤ የኃይል ማቅረቢያውም ደጋግሞ ተበላሽቷል፤ ስለዚህ ከክፍሉ ወጥቶ የሚወገዱ ንብረቶች ወደሚቀመጡበት መጋዘን እንዲገባ ተወስኗል ይላል። የክፍሉ ባለሙያ የሆነችው ወጣት ደብዳቤውን ቆማ አነበበችና መለሰችላቸው።

‹‹ጋሼ፣ ዛሬ አይወጣም።››

‹‹ምነው ልጄ? ደብዳቤው የዛሬ ነው እኮ። ደግሞስ ሌሎቹ ሦስቱ አሉ አይደል?››

ጥያቄያቸው የየዋህ ጥያቄ አይደለም። በዚህ ሙያ ዓመታት ያስቆጠሩ ሰዎችም ይህንኑ ጠይቀው፣ መልሱን ሳይጠብቁ ገመድ ነቅለዋል። ሌሎቹ ሦስቱ መኖራቸው እውነት ነው። በእነርሱም ላይ ቅጂ መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ሰርቨር በደኅና ወጣ የሚባለው ሌሎቹ ስላሉ ሳይሆን፣ እርሱ የያዘውን ነገር ሌሎቹ ተረክበው ከጨረሱ በኋላ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ሰዓታት ወይም ቀናት ሊሆን ይችላል፤ የሚጠፋ መረጃ ካለም የሚጠፋው በዚያ መካከል ነው።

አራቱ ሰርቨሮች ለተጠቃሚው እንደ አንድ ሰፊ ማከማቻ ይታዩታል። ያስተሳሰራቸው ሴፍ የተባለ ነጻ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ሴጅ ዋይል የተባለ አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ በዶክትሬት ጥናቱ የጀመረው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር በጉባኤ ላይ ያቀረበው ሥራ ነው። (ስሙ በእኛ ፊደል ሲጻፍ በእንግሊዝኛ ‹‹ደኅና›› ማለት ከሆነው ቃል ጋር ቢመሳሰልም፣ የተወሰደው እንደ ኦክቶፐስ ያሉት ብዙ እጅ ያላቸው የባሕር እንስሳት ከሚጠሩበት ስም ነው።) ሶፍትዌሩ የሚረከበውን ፋይል እየቆራረጠ፣ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ሦስት ቅጂ አድርጎ፣ ሦስቱን በሦስት የተለያዩ ሰርቨሮች ላይ ያኖራል። ሦስት መሆኑ የተለመደው መነሻ ልክ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ እስካሉ ድረስ ተጠቃሚው ማንበብም መጻፍም ይችላል፤ አንድ ብቻ ሲቀር ግን ሶፍትዌሩ የመጨረሻዋን ቅጂ ላለማበላሸት ሲል ሥራውን ያቆማል።

ከሁሉ የሚያስገርመው፣ የትኛው ቁራጭ የት እንዳለ የሚመዘግብ ዝርዝር አለመኖሩ ነው። ቦታው በቀመር ይሰላል። ለቀመሩ የቁራጩ መለያ፣ የአባል ዲስኮቹ ዝርዝርና የእያንዳንዳቸው ክብደት ሲሰጠው ‹‹እዚህ፣ እዚህና እዚያ›› ብሎ ይመልሳል። እንዲህ በመሆኑ አንድን አባል ከዝርዝሩ መፋቅ አንድ መደርደሪያ እንደ ማውጣት ብቻ አይደለም። የስሌቱ ውጤት ይለወጣል፤ ውጤቱ ሲለወጥ ደግሞ የሌሎቹም ዕቃ ቦታ ቦታውን ሊለውጥ ይነሣል። ባለሙያዋ ‹‹ዛሬ አይወጣም›› ያለችው ይህን እያሰበች ነበር። ለንብረት ክፍሉ ኃላፊ የነገረቻቸው ግን በራሳቸው ሙያ ቋንቋ ነው።

‹‹ጋሼ፣ የመጋዘን ሠራተኛ ሥራ ሊለቅ ቢፈልግ፣ ሳያስረክብ መሸኛ ይሰጡታል?››

‹‹ኧረ ምን ሲደረግ! ቆጥሮ፣ አስቆጥሮ፣ ተፈራርሞ ነው እንጂ። ሞዴል 19ኙና ሞዴል 22ቱ ካልታረቁ የት ይሄዳል?››

‹‹ይኼም ገና አላስረከበም።››

ሞዴል 19 ወደ መጋዘን የገባውን፣ ሞዴል 22 የወጣውን የሚናገሩ ቅጾች መሆናቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቃል። የርክክቡ ሥርዓትም የታወቀ ነው። የሚለቀው ሠራተኛ በመጀመሪያ አዲስ ዕቃ መረከብ ያቆማል፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ዕለት ድረስ ቁልፉ በእጁ ነው፤ ለያዘው ዕቃም ተጠያቂው እርሱ ነው። ቁልፉን የሚሰጠው ቆጠራው ካለቀ በኋላ ነው። የሴፍ ሥርዓትም ከዚህ አይለይም። እንዲወጣ የተፈለገው ሰርቨር ክብደቱ ዜሮ ይደረጋል እንጂ አይጠፋም። አዲስ ቁራጭ አይመደብለትም፤ የያዛቸው ቁራጮች ግን በአዲሱ ቦታቸው ሙሉ በሙሉ ተገልብጠው እስኪያልቁ ድረስ እርሱ ዘንድ ያለችው ቅጂ በሥራ ላይ ትቆያለች። የቅጂው ቁጥር ለአንድ ደቂቃ እንኳን ከሦስት አይወርድም። ገመዱ ድንገት ቢነቀል ግን ሶፍትዌሩ መነሻ ልኩ እንደሆነው 10 ደቂቃ ይታገሣል፤ ከዚያም ሰርቨሩን እንደ ጠፋ ቆጥሮ ከቀሩት ሁለት ቅጂዎች ሦስተኛውን መሥራት ይጀምራል። መጨረሻው በሁለቱም መንገድ አንድ ሊሆን ይችላል፤ መንገዱ ግን አንድ አይደለም።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ የቀድሞው የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የአንኮበር ልጅ ናቸው። ነገሩ ሲገባቸው ባለሙያዋ ያላሰበችውን ጨመሩ። ‹‹እኛ አገር ጎተራ ሲያረጅ ገብሱ ወደ ሌላው ጎተራ ይገለበጣል። ነቀዝ የገባበት ከሆነ ግን አስቀድሞ ይበጠራል እንጂ እንዲሁ አይገለበጥም። አለዚያ ደኅናውንም ታበላሺዋለሽ።›› ባለሙያዋ የዲስኮቹን ዕድሜ፣ የኔትወርኩን ፍጥነት፣ የቀረውን ባዶ ቦታ ሁሉ ጽፋ ነበር፤ ቅጂዎቹ እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን መመርመር ግን አልጻፈችም። ሴፍ በየሳምንቱ ገደማ እያንዳንዱን ቅጂ አንብቦ ከባልንጀሮቹ ጋር የሚያመሳክርበት ሥራ አለው። ያረጀው ሰርቨር ደጋግሞ ይጠፋ ስለነበር ይህ ምርመራ በብዙ ቁራጮች ላይ ጊዜው አልፎበት ተገኘ። ግልበጣው ከመጀመሩ በፊት ምርመራው እንዲጠናቀቅ ሲደረግ ጥቂት የማይስማሙ ቅጂዎች ወጡ፤ ከደኅናዎቹም ተጠገኑ። ጋሪው ባዶውን ተመለሰ።

ከዚያ ስሌቱ መጣ። እያንዳንዱ ሰርቨር 4 ቴራባይት የሚይዙ 12 ዲስኮች ስላሉት 48 ቴራባይት፣ አራቱ በድምሩ 192 ቴራባይት ይይዛሉ። የተቀመጠው መረጃ 36 ቴራባይት ቢሆንም በሦስት ቅጂ 108 ቴራባይት ቦታ ይዟል፤ ከጠቅላላው 56 በመቶ መሆኑ ነው። አንዱ ሲወጣ ያው 108 ቴራባይት በ144 ላይ ያርፍና 75 በመቶ ይሆናል። ሴፍ አንድ ዲስክ 85 በመቶ ሲሞላ ያስጠነቅቃል፤ በ90 ግልበጣ መቀበል ይከለክላል፤ በ95 መጻፍ ያቆማል። አማካዩ 75 ቢሆንም ዲስኮቹ እኩል ስለማይሞሉ አማካይ ላይ መተማመን አይገባም። አንድ ዲስክ ብቻ ቀድሞ ቢሞላ ሥራው ሁሉ ሊቆም ይችላል። ከሚወጣው ሰርቨር የሚጓጓዘው 27 ቴራባይት ነው። በቀን ተጠቃሚውን እንዳያስቸግር ፍጥነቱ ተገድቦ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢጓዝ 75 ሰዓት፣ ማለትም ከሦስት ቀን በላይ ይፈጃል። ደብዳቤው ‹‹ዛሬ›› ይላል፤ ስሌቱ ‹‹ሳምንት›› ይላል።

ለጥንቃቄ ተብሎ የሚሠራ አንድ ስሕተት አለ፤ እርሱም ዲስኮቹን አንድ በአንድ ማስወጣት ነው። ሲያዩት ብልህነት ይመስላል። ነገር ግን ከመጀመሪያው ዲስክ የሚወጣው ቁራጭ፣ ነገ ራሱ ወደሚወጣው ጎረቤት ዲስክ ሊመደብ ይችላል፤ እንዲህ እያለ አንዱ ቁራጭ በአንዱ ሰርቨር ውስጥ ደጋግሞ ይዞራል። ስለዚህ ባለሙያዋ የአሥራ ሁለቱንም ክብደት በአንድ ጊዜ ዜሮ አድርጋ ፍጥነቱን ብቻ ገደበች። ሌላም የተሠወረ ጉዳይ ነበር። የአባልነት ዝርዝሩን የሚጠብቁ ሞኒተር የሚባሉ ሦስት ፕሮግራሞች አሉ፤ ከግማሽ በላይ የሆኑት ካልተስማሙ ክላስተሩ ይቆማል። ከሦስቱ አንዱ በሚወጣው ሰርቨር ላይ ነበር። እርሱን ዝም ብሎ ማውጣት ሁለት ያስቀራል፤ ከሁለት ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚባለው ራሱ ሁለት ስለሆነ የአንዱ መታመም የሁሉ መቆም ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ በአራተኛው ሰርቨር ላይ ሌላ ሞኒተር ተተከለ፤ አሮጌው ከዚያ በኋላ ተነሣ።

ከመጀመሩ በፊት የተደረገ አንድ ነገር ደግሞ ከክላስተሩ ውጭ ነው። ሦስት ቅጂ በአንድ ክፍል ውስጥ እስካለ ድረስ በእሳት ፊት አንድ ቅጂ ነው፤ በስሕተት የተሰረዘ ፋይልም ከሦስቱ እኩል ይሰረዛል። ቅጂ መጠባበቂያ አይደለም። ኮምፒውተር በየቢሮው ሳይገባ ይህን ልዩነት የተረዱ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ፣ ከሸዋ ጭምር ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ የተገኙ ከ9,000 የሚበልጡ ብራናዎችን በፊልም አንሥቶ፣ ብራናውን ለባለቤቱ ትቶ፣ ፊልሙን በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት በኮሌጅቪል አስቀመጠ። የእነዚህን ፊልሞች ዝርዝር መግለጫ በማዘጋጀት ረጅም ዘመን የደከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የተወለዱት በዚሁ በሸዋ፣ በሸንኮራ ነበር። በሦስት ቦታ ያለ አንድ ጽሑፍ በአንድ እሳት አይጠፋም። ባለሙያዋም በማከማቻው ውስጥ ዳግም ሊሰበሰብ የማይችለውን መርጣ፣ ማለትም የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሁለትና የሦስት ዓመት የመስክ ልኬትና ከሕክምና ተቋማት የመጡ የጥናት መዛግብትን፣ በሌላ ሕንጻ ወዳለ ዲስክ ገለበጠች። የተገለበጠውን ደግሞ ከፍታ አነበበች። ተከፍቶ ያልተነበበ መጠባበቂያ ገና መጠባበቂያ አልሆነም።

ግልበጣው ሐሙስ ማታ ተጀመረ። ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ አልተነሣም፤ ባትሪዎቹም አለቁ፤ አራቱም ሰርቨሮች ጠፉ። ንጋት ላይ መብራት ሲመለስ ከሚቀሩት ሦስት ሰርቨሮች በአንደኛው ላይ አንድ ዲስክ ሳይነሣ ቀረ።

ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሐሙስ ዕለት ጋሪው ሰርቨሩን ጭኖ ቢሄድ ኖሮ፣ አንድ ቅጂያቸው በሄደው ሰርቨር፣ ሌላው በሞተው ዲስክ ላይ የነበሩ፣ ገና ያልተገለበጡ ቁራጮች በአንድ ቅጂ ብቻ በቀሩ ነበር። ሶፍትዌሩ በእነርሱ ላይ ሥራ ያቆማል፤ ያችን አንዲት ቅጂ የያዘው ዲስክ ቢታመም ደግሞ የሁለት ዓመት የመስክ ልኬት ያለ ወራሽ ይቀራል። አሮጌው ሰርቨር ግን ገና ቁልፉን አላስረከበም ነበር። ከመብራቱ ጋር ተነሥቶ ካቆመበት ቀጠለ። በሞተው ዲስክ ላይ የነበሩት ቁራጮች ሁለት ቅጂ ስለቀራቸው ሦስተኛው በዚያው ሰርቨር በቀሩት 11 ዲስኮች ላይ ተሠራ። ሰኞ ይጠናቀቃል የተባለው ሥራ ማክሰኞ ከሰዓት ተጠናቀቀ። ከተጠቃሚዎቹ ወገን የደረሰ ስሞታ የለም።

ሌሎች የዚህ ዓይነት ሶፍትዌሮችም ይህን የመካከል ጊዜ በየራሳቸው መንገድ ያውቁታል። ሃዱፕ የሚወጣውን ሰርቨር በመሰናበቻ ዝርዝር ላይ ያስጽፍና ቅጂዎቹ እስኪተኩ ይጠብቃል። ግላስተር ማስወጣቱን ለሦስት ይከፍለዋል፤ ይጀመራል፣ ሁኔታው ይጠየቃል፣ ይጸድቃል። ሳይጠይቁ ማጽደቅ ግን ይቻላል፤ አደጋውም እርሱ ነው። ሴፍ በበኩሉ ‹‹ይህን ዲስክ ብናስወግደው ጉዳት አለው ወይ?›› ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስበት ትእዛዝ አለው። ማክሰኞ ከሰዓት ለአሥራ ሁለቱም ጉዳት የለውም አለ።

ቢሆንም ባለሙያዋ ሰርቨሩን አጠፋችው እንጂ ከመደርደሪያው አላነሣችውም። ሳምንት ይቆይ አለች። በሁለተኛው ቀን ከአንድ ቤተ ሙከራ ስልክ ተደወለ፤ የአንድ ኮምፒውተር ፋይሎች አይከፈቱም። ሲመረመር ኮምፒውተሩ ክላስተሩን የሚያውቀው በአሮጌው ሞኒተር አድራሻ ብቻ ነበር። አድራሻው ተስተካከለ። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያሳይ ቆጠራ የለም፤ ማጥፋትና መጠበቅ ብቻ ያወጣዋል።

ሳምንቱ ሲሞላ የሰርቨሩ ስም ከዝርዝሩ ተፋቀ። በዚያው ዕለት ለአስተዳደሩ የተጻፈው ማስታወሻ ግን የደስታ አይደለም። ሦስት ሰርቨር ለሦስት ቅጂ ይበቃል፤ ነገር ግን ከእነርሱ አንዱ ቢወድቅ ሦስተኛው ቅጂ የሚያርፍበት አራተኛ ስለሌለ፣ የወደቀው እስኪነሣ ወይም እስኪተካ ክላስተሩ ራሱን ሊጠግን አይችልም ይላል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል አዲሱን አስገብቶ አሮጌውን ማስወጣት ነበር። አዲሱ ግዢ ላይ ነው፤ አሮጌው ደግሞ በየሳምንቱ እየጠፋ ነበር። በራሱ ጊዜ እስኪሞት ከመጠበቅ በሰላም ማስረከቡ ይሻላል ተብሎ የተመረጠ ምርጫ እንጂ፣ ችግር የሌለበት ምርጫ አልነበረም። ማስታወሻው ይህን ሳይሸፍን መጻፉ ከቴክኒኩ ሥራ አያንስም።

ጋሪው ዳግመኛ መጣ። የቀረው የዲስኮቹ ጉዳይ ነው። በጨረታ የሚሸጥ ሰርቨር ዲስኩን ይዞ ከወጣ በውስጡ ያለውንም ይዞ ይወጣል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ በሞተው ዲስክ ቦታ ገባ፤ አሥራ አንዱ ከዳር እስከ ዳር በባዶ ተጽፎባቸው ጸዱ። የሞተው ዲስክ ግን ስለማይዞር ሊጻፍበት አይችልም። ባለሙያዋ በመሰርሰሪያ ይበሳ አለች።

‹‹ልጄ፣ ቁጥር የተለጠፈበትን ንብረት ቀዳድጄ መጋዘን አላስገባም። ቃለ ጉባኤ ይምጣልኝ።››

‹‹ጋሼ፣ እስከዚያው የት ይቀመጥ?››

ባዶው ሰርቨር በጋሪው ወጣ። ዲስኩ በወፍራም ፖስታ ታሽጎ፣ በላዩ ላይ ሁለቱም ፈርመውበት፣ በንብረት ክፍሉ ካዝና ውስጥ ተቀመጠ። ቃለ ጉባኤው ገና አልመጣም።